ለቤቱ አራት ገጽ፣ ለልጁ አንድ መስመር፦ በፍቺ ላይ ላሉ ወላጆች

የፍቺ ውሳኔ በእጁ ያለ ሰው አንድ ነገር ይሞክር። ስለ ኮንዶሚኒየሙ የተጻፈውን ይቁጠር፤ ከዚያ ስለ ልጁ የተጻፈውን ይቁጠር። ቤቱ የት እንደሚገኝ፣ ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳው ምን ያህል እንደቀረ፣ በስምምነት መካፈል ካልተቻለ በሐራጅ እንዴት እንደሚሸጥ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። መኪናው በሰሌዳ ቁጥሩ ተጠርቷል። ፍሪጁና ሶፋውም አልተረሱም። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይታለፋል፦ «ሕፃኑ ከእናቱ ጋር እንዲኖር፣ አባት በየወሩ ይህን ያህል ብር ቀለብ እንዲቆርጥ፣ በወር ሁለት ጊዜ እንዲጠይቀው ተወስኗል።»

አለቀ። ከአራት ገጽ ውስጥ የልጁ ድርሻ ይህችው ናት።

ኋላ ዓመታት የምታናክሰውም ይህች መስመር ናት። በወር ሁለት ጊዜ ማለት ቅዳሜ ነው እሑድ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ልጁ አባቱ ቤት ያድራል ወይስ ካፌ ተቀምጦ ኬክ በልቶ ይመለሳል? ፋሲካ የማን ነው? እናት ዘመድ ጥየቃ ደሴ ብትሄድ ያለፈው ቅዳሜ ይካካሳል? ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው፣ ሁለቱም «ውሳኔው የሚለው እንዲህ ነው» እያሉ፣ እንደገና ወደ አፈጻጸም ችሎት፣ የተሰጠ ውሳኔ ወደሚያስፈጽመው ችሎት፣ ይመለሳሉ። በመካከሉ አንድ ልጅ ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ይቆማል።

በቤተሰብ ችሎቶች ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያሳለፈ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው። ወላጆች ጉልበታቸውንና የጠበቃ ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ማን እንደ በደለ በማስረዳት ላይ ነው። የልጁን የዕለት ኑሮ የሚወስኑት ጥያቄዎች የሚነሡት መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ሰው ከደከመ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉን ለመገልበጥ የቀረበ ክርክር ነው ቢባል ይቀላል።

የተሻረ ሕግ ይዞ መከራከር

በደልን የማስቀደሙ ልማድ ከየትም አልመጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለፍቺ «ከባድ ምክንያት» የሚለው ነገር ነበረው፤ ዝሙት አንዱ ነው፣ ቤት ጥሎ መሄድ ሌላው። ጉዳዩን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከንብረት ድርሻው ሊቀነስበትም ይችል ነበር። ስለ ልጆች ደግሞ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር እስከ አምስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር እንዲቆዩ ይደነግግ ነበር። «እስከ አምስት ዓመት የእናት ነው» የሚለው የሰፈር ሕግ ምንጩ ይህ ነው። አንዳንዱ ሰባት ያደርገዋል፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ሁሉ ቀይሮታል። ባልና ሚስት ተስማምተው ሲፋቱ ምክንያታቸውን የመግለጽ ግዴታ የለባቸውም። አንዳቸው ብቻቸውን ቢያመለክቱም የ«ከባድ ምክንያት» ዝርዝር አይጠየቁም። ፍቺ የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ሆኗል፤ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ትዳር አያፈርስም። የዕድሜ ገደቡም ወጥቷል። በቦታው የገባው አንቀጽ 113 ነው። ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚጠያየቁ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ማመዛዘን አለበት።

ዝርዝሩ ውስጥ «ማን አጠፋ» የሚል የለም። የትዳር ጥፋት ለካሣ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ያ ሌላ መንገድ ነው። ባል ሌላ ሴት መውደዱ ብቻውን መጥፎ አባት መሆኑን አያስረዳም፤ ሚስትም ማኩረፏ መጥፎ እናት አያደርጋትም። ዳኛው የሚጠይቁት ልጁን ጠዋት ማን እንደሚቀሰቅሰው ነው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ በዚህ ረገድ ብዙ ይጠቀሳል። እናቱ የሞተችበት ልጅ በዘመድ እጅ አድጓል፤ አባት ኋላ መጥቶ ልጄ ይሰጠኝ ይላል። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነቱን አይተው ፈረዱለት። ሰበር ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 ጠቅሶ፣ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የልጁ ጥቅም ነው ሲል ውሳኔያቸውን ሻረ። አባትነት በደም ብቻ ተቆጥሮ ካልበቃ፣ በፍቺ ክርክር «እኔ ወላጅ ነኝ» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ መገመት አያስቸግርም።

አዋጅ ቁጥር 213 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎች ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። መንፈሳቸው ይቀራረባል፤ የአንቀጽ ቁጥራቸው ግን ይለያያል፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ላይ የሚከራከር ሰው የክልሉን ሕግ ይክፈት። ወላጆቹ ሳይጋቡ አብረው ይኖሩ ከነበረም ልጁ የሚጎድልበት መብት የለም፤ ሕገ መንግሥቱ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን ልጅ ከሌላው እኩል ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ወር

የልጅ ጉዳይ በመጨረሻው ፍርድ ይወሰናል ብሎ የሚጠብቅ ወላጅ ብዙ ጊዜ አርፍዷል። የአዋጁ አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ የፍቺ አቤቱታ እንደደረሰው ወዲያውኑ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያና ስለ ንብረታቸው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ትእዛዙ ጊዜያዊ ነው። የጊዜያዊ ነገር ዕድሜ ረጅም መሆኑን ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ዳኛው ያግባባሉ፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ቀጠሮ ይለወጣል፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ፍርድ ቤት ዕረፍት ይወጣል። ንብረቱ እስኪጣራ ዓመት ቢያልፍ ልጁ ዓመቱን የኖረው በዚያ ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ትምህርት ቤቱን ለምዷል፤ ጓደኛ ይዟል። ዳኛ የተረጋጋ ልጅ ከቦታው ማንቀሳቀስ አይወድም፤ ልክም ነው።

ስለዚህ የልጁ ጥያቄ በመጀመሪያው አቤቱታ ላይ፣ በራሱ አንቀጽ፣ ከነማስረጃው ይቀመጥ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ። የተከሰሰው ወገንም መልሱ ላይ እንዲሁ ያድርግ። «ፍቺውን እቃወማለሁ» ብሎ ስለ ልጁ ምንም ሳይል ቀርቦ ኋላ የሚደናገጥ አባት ጥቂት አይደለም።

ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው የአባቶች ነው፦ «ነገሩ እስኪበርድ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት መሄድ። ነገሩ አይበርድም፤ እሱ ግን ከልጁ የዕለት ኑሮ ይወጣል፤ ከስድስት ወር በኋላ ችሎት ቆሞ «ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ» ሲል የሚያስረዳበት ነገር የለውም። ከቤት መውጣት ግድ ከሆነ በትእዛዝ ይሁን፤ ማን ይውጣ በሚለው ላይ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ማየት እንዳለበት ሕጉ ይናገራል። የሚወጣ ሰውም የልጁን የጉብኝት ጊዜ በዚያው ቀን ይጠይቅ።

ሁለተኛው በእናቶች ላይ ይበዛል፤ ልጁን ከመንፈቅ ትምህርት ነቅሎ ሌሊቱን ወደ አያቶቹ አገር መውሰድ። ለመሸሽ በቂ ምክንያት ከሌለ ይህ በዳኛ ዓይን የሚታየው ልጁን ከአባቱ እንደ መደበቅ ነው።

በቂ ምክንያት ካለ ግን ይህ ምክር ሁሉ ይገለበጣል። ድብደባ ባለበት ቤት ትእዛዝ እስኪመጣ መቀመጥ አያስፈልግም። ልጁን ይዞ መውጣት፣ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት፣ ሆስፒታል ሄዶ የሕክምና ማስረጃ መያዝ፣ ከቤት መውጣቱን በማግሥቱ ለፍርድ ቤት ማስታወቅ። በልጅ ፊት የሚፈጸም ድብደባ የባልና የሚስት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንቀጽ 113 «አኗኗር» ከሚለው ውስጥ ይገባል። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ሽማግሌ ልኮ «ለልጆቹ ስትይ ቻይው» ማስባልም ሽምግልና አይባልም።

ደብተሩ

አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ አጠገቤ የተቀመጠ የታክሲ ሾፌር ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር አሳየኝ። ገጹን በእጁ አሥምሮታል፦ ቀን፣ ምክንያት፣ ብር። «ጥቅምት 9፣ ጉሮሮዋን ታማ ጤና ጣቢያ፣ መድኃኒት»። «ኅዳር 2፣ የወላጆች ስብሰባ፣ እኔ ሄድኩ»። ከገጹ ጀርባ ደረሰኞቹ በስቴፕለር ተያይዘዋል። የክትባት ካርዷም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያው አለ። ስለ ሚስቱ አንድም ቃል አልጻፈም። ጠይቄው ነበር፤ «እሷን ለመክሰስ አይደለም፤ ስጠየቅ እንዳልንተባተብ ነው» አለኝ።

ብዙ ጠበቆች ከሚጽፉት አሥር ገጽ አቤቱታ ይህ ደብተር ይበልጣል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ዳኛው ሊያውቁ የሚፈልጉት የልጁን ቀን ነው፤ ደብተሩም የያዘው እሱን ነው። መምህሩ የሚያውቁት ማንን ነው? ትምህርት ቤቱ ልጁ ሲታመም የሚደውለው ለማን ነው? ከትምህርት ቤት ሲወጣ ማን ይቀበለዋል? ምስክር ሲመረጥም የባልና ሚስቱን ጠብ ያየ ዘመድ ሳይሆን የልጁን ውሎ የሚያውቅ ጎረቤት ወይም መምህር ይሻላል።

ዳኛው ሁኔታውን ማጣራት ሲፈልጉ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ወደ ቤት ሊልኩ ይችላሉ። ባለሙያዋ ስትመጣ ዶሮ መሥራትና ምንጣፍ መለወጥ አያስፈልግም። የምታየው ልጁ የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚያጠና፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ልጁ በሰዎቹ መካከል ሲሆን እንዴት እንደሚሆን ነው። አንዲት ክፍል የተከራየች እናት ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ ልጄን እነጠቃለሁ ብላ ትሰጋለች። ገቢ ከሚመዘኑት አንዱ ብቻ ነው፤ የገቢው ልዩነት የሚታረመውም በቀለብ ነው።

ልጁን ማስጠናት ደግሞ ራስን ማጋለጥ ነው። አንድ ጠበቃ ወዳጄ ያጫወተኝ አለ። የሰባት ዓመት ልጅ በዳኛዋ ቢሮ ውስጥ ብቻውን ቀርቦ «አባቴ ኃላፊነት የማይሰማው ሰው ነው» ይላል። ዳኛዋ ፈገግ ብለው «ኃላፊነት ማለት ምን ማለት ነው፣ የኔ ልጅ?» ሲሉት ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከዚያም «እማዬን ልጠይቃት?» አለ።

ቀለብ

ሕጉ ቀለብ የሚለው ምግብን ብቻ አይደለም። መጠለያ፣ ልብስ፣ ጤናና ትምህርትም በውስጡ ናቸው። መጠኑ የሚወሰነው በጠያቂው ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። ስለዚህ «ሦስት ሺህ ይበቃዋል» «አይበቃውም» እያሉ ከመጨቃጨቅ ወጪውን መተንተን ይሻላል፦ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሰርቪስ፣ የቤት ኪራይ ድርሻ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ በመስከረም የሚመጣው ዩኒፎርምና ደብተር። በዝርዝር የቀረበን ወጪ ከፋዩም በደፈናው «በዛ» ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ የትኛው እንደበዛ መናገር ይኖርበታል።

ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ ቀለቡ ከደመወዙ እየተቆረጠ በቀጥታ ወደ አሳዳጊው የባንክ ሂሳብ እንዲገባ ማስወሰን ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ነጋዴ ከሆነና «ሥራ ቆሟል» ካለ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ሰነዱ፣ የሚነዳው መኪናና የሚከፍለው ኪራይ ይናገራሉ፤ ፍርድ ቤቱ ከባንክና ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ማስረጃ እንዲያስመጣ ማመልከት ይቻላል።

ከፋዩም ራሱን ይጠብቅ። በልጁ ኪስ የተላከ ብር፣ ለአያት የተሰጠ ጤፍ፣ «እሷ ታውቃለች» የተባለ ነገር ሁሉ ችሎት ላይ የለም። ባንክ ይላክ ወይም በቴሌብር፤ ምክንያቱ ላይ «የጥር ወር ቀለብ» ተብሎ ይጻፍ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ መክፈል የሚመርጡ አሉ፤ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በውሳኔው ውስጥ ካልተጻፈ ከቀለቡ ላይ መቀነስ አይቻልም።

ብሩ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተቆረጠ ሁለት ሺህ ብርና የዛሬው ሁለት ሺህ ብር አንድ አይደሉም። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻግሯል፤ የልጅ ጫማም ተከትሎታል። ሕጉ ሁኔታ ሲለወጥ ቀለብ እንዲሻሻል ይፈቅዳል፤ የገቢ መጨመርም መቀነስም ምክንያት ይሆናል። ሥራውን ያጣ አባት ዝም ብሎ መክፈል ከሚያቆም የመቀነስ ጥያቄ ያቅርብ፤ ዝምታው ዕዳ እየሆነ ይከመራል። አሳዳጊውም ቢሆን ውዝፍ እስኪጠራቀም መጠበቅ የለበትም። በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር ሊታለፍ ይችላል። በቂ ምክንያት ሳይኖር ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል፤ ሆኖም እስር ቤት የገባ አባት ብር አያመጣምና የመጀመሪያው በር አፈጻጸም ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ቀለብና ጉብኝት የሚገበያዩ ዕቃዎች አይደሉም። «ካልከፈለ አያየውም» የምትል እናትና «ካላሳየችኝ አልከፍልም» የሚል አባት ሁለቱም ከልጁ ላይ ነው የሚቆርጡት። ለሁለቱም ጥፋት መፍትሔው ያው አፈጻጸም ችሎት ነው፤ አንዱ ጥፋት ግን ለሌላው ፈቃድ አይሆንም።

መስመሯን ማስረዘም

ወደ አንዷ መስመር እንመለስ። ባልና ሚስት ሲስማሙ ውሉን ራሳቸው ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱም የልጆቹን ጥቅም በሚገባ የማያስጠብቅ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን አጽድቆ ጉድለቱን ሊያርም ይችላል። ባይስማሙም እንኳ እያንዳንዱ ወገን ዳኛው እንዲወስኑለት የሚፈልገውን በዝርዝር ቢያቀርብ ዝርዝሩ ውሳኔው ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይጽፍም። እንዲህ ያለ ነገር ለምሳሌ፦

«ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ይኖራል። አባት በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከእናት ቤት በር ላይ ተረክቦ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት እዚያው ይመልሳል፤ ሕፃኑ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ያድራል። ረቡዕ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከ30 በስልክ ይነጋገራሉ። በዚህ ዓመት ገናን ከአባቱ፣ ፋሲካን ከእናቱ ጋር ያሳልፋል፤ በየዓመቱ ይቀያየራል። ትምህርት ሲዘጋ ሐምሌን ከአባቱ ጋር ይቆያል። መረከብ ያልቻለ ወገን ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ መልእክት ያሳውቃል፤ ያመለጠው ቀን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይካካሳል። አባት መምጣት ካልቻለ ሕፃኑን የአባት እኅት ልትረከበው ትችላለች። ትምህርት ቤት ለመቀየርና ቀዶ ሕክምና ለማድረግ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሁለቱም የውጤት ካርዱን የማየትና በወላጆች ስብሰባ የመገኘት መብት አላቸው።»

ይህን ሲያዩ «ይህ ሁሉ ለምን? እኛ እኮ የተማርን ሰዎች ነን፤ እንግባባለን» የሚሉ አሉ። ይግባባሉ፤ አንዳቸው እንደገና እስኪያገቡ ድረስ። ዝርዝር የሚጻፈው ለክፉ ቀን ነው፤ በደግ ቀንማ ማንም ወረቀት አያወጣም። ሰዎች የሚጣሉበት ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ትልቅ አይደለም። በጾም ቀን አባቱ በርገር አበላው ተብሎ ሁለት ቀጠሮ የፈጀ ክርክር ሰምቻለሁ። ወላጆቹ የተለያየ ሃይማኖት ካላቸው ጾሙም በዓሉም ስግደቱም ቀድሞ ይነጋገሩበት።

ርክክቡ ላይ ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲተያዩ የሚጯጯሁ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ድልድይ ነው፤ አንዱ ዓርብ ጠዋት ያደርሰዋል፣ ሌላው ዓርብ ከሰዓት ይቀበለዋል፣ ፊት ለፊት አይገናኙም። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ መረካከብን የሚመርጡ አሉ፤ ልጁ የአባቱን ቀን ከዩኒፎርምና ከጠመንጃ ጋር አያይዞ እንዲያስታውሰው ካልተፈለገ በቀር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የውሳኔው ግልባጭ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ። ጥበቃው ልጁን ለማን እንደሚሰጡ ማወቅ አለባቸው።

ሽማግሌ ለፍቺው ባይሆን እንኳ ለዚህ መስመር ይጠቅማል። የሁለቱንም ቤት የሚያውቁ አንድ አጎት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሱትን ችሎት በአራት ቀጠሮ አይጨርሰውም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ፍርድ ቤቶቹ በራሳቸው ውስጥ በአስማሚ ባለሙያ የሚመራ ድርድር እንዲኖራቸው አድርጓል። ሙስሊም ወላጆች ሁለቱም ከፈቀዱ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ፤ የአንዱ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። ስምምነቱ የትም ይደረስ፣ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በአፈጻጸም ችሎት ማስፈጸም አይቻልም። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላቸው እናቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ይጠይቁ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው።

ባሕር ማዶ ያለ ወላጅ

ኢትዮጵያ የ1980ውን የሄግ የሕፃናት ጠለፋ ስምምነት አልፈረመችም። ይህ ለዳያስፖራ ቤተሰብ ትርጉሙ ከባድ ነው። ከሜሪላንድ ወይም ከስቶክሆልም «ለክረምት አያቶቹን ይይ» ተብሎ አዲስ አበባ የመጣ ልጅ እዚሁ ቢቀር፣ ሌላው ወላጅ በስምምነቱ መሠረት ይመለስልኝ የሚልበት መንገድ የለም። የውጭ አገር ፍርድም እዚህ ራሱን አያስፈጽምም፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ቀርቦ ተቀባይነት ማግኘት አለበት፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁልጊዜም አይሳካም። በተቃራኒው፣ በአሜሪካ ግዛቶች ዘንድ በአብዛኛው የልጁን ጉዳይ የማየት ሥልጣን የሚኖረው ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ስድስት ተከታታይ ወራት የኖረበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ስድስት ወር የቆየ ልጅ የክርክሩን ቦታ ሊያስቀይር ይችላል። ስለዚህ ፍቺ እያንዣበበ ልጅን ከመላክ በፊት የመመለሻ ቀኑና ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚሆን የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት ይያዝ። አዲስ አበባ ያለ ወላጅም ሥጋት ካለው ልጁ ያለ ፈቃዱ ከሀገር እንዳይወጣ የእግድ ትእዛዝ ይጠይቅ፤ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ የሚመጣ እግድ ወረቀት ብቻ ነው።

የዓረብ አገር እናቶች ነገር ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። ዱባይ ወይም ቤይሩት የምትሠራ እናት ብር ትልካለች፤ ልጁ ከአያቱ ጋር ነው፤ አባት ሌላ አግብቷል። ክርክር ሲነሣ «ልጇን ጥላ ሄደች» ይባላል። የላከችባቸው የሐዋላ ደረሰኞች የእሷ ሰማያዊ ደብተር ናቸው፤ አንዱም አይጣል። በኤምባሲ በኩል የምትሰጠው ውክልናም «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» ብቻ ከሚል የልጁን አሳዳጊነት፣ ቀለብና ትምህርት በስም ይጥቀስ፤ ጠቅላላ ውክልና ይዞ ከችሎት በር የተመለሰ አጎት ብዙ ነው። ልጁን በአካል የያዘችው አያትም ከወረቀቱ ውጭ አትቅር፤ ሆስፒታል ስትወስደው የምትጠየቀው እሷ ናት።

የልጅ ውሳኔ እንደ ንብረቱ ውሳኔ ተዘግቶ መዝገብ ቤት አይገባም። ሁኔታ ሲለወጥ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና ሊያየው ይችላል፤ በአምስት ዓመቱ የተጻፈው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ላይስማማው ይችላልና። ያ የታክሲ ሾፌር መዝገቡ ከተወሰነለት በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘሁት። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ናት፤ ዓርብ ከትምህርት ቤት ይወስዳታል፣ እሑድ ይመልሳታል። ደብተሩስ? ስለው ከመኪናው ኪስ አወጣው። አሁን የምትጽፍበት እሷ ራሷ ናት፤ በእርሳስ፣ ጠመም ጠመም ባለ ፊደል፦ «ሰኔ 6፣ አባዬ ጋ፣ ሽሮ ሠራን፣ አረረ»።